የአጸዱ ካብ፦ ደቡብ ጎንደር ላይ ከብትና ደን የተለያዩበት አጥር (የጉዳይ ጥናት)

የደቡብ ጎንደርን ገጠር ከአየር ላይ ያሳዩ ፎቶዎችን ላየ ሰው አንድ ነገር ወዲያው ዓይኑ ውስጥ ይገባል። መሬቱ ከዳር እስከ ዳር እርሻ ነው። በመካከሉ እዚህም እዚያም ጥቅጥቅ ያሉ አረንጓዴ ክቦች አሉ። በክቡ መሃል ጣሪያ ያብለጨልጫል። ቤተ ክርስቲያን ነው። ዙሪያው ደግሞ አጸዱ ነው፤ ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ክብ ጠርዝ ነው። ጠርዙ ላይ ለዘመናት አጥር አልነበረም። የውስጠኛው ቅጽር ቢኖርም ከቅጽሩ ውጭ ያለው ደን ክፍት ነበር። ከእርሻው የሚለየው መከባበር ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። ከዛሬ ዐሥራ ጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን በደብረ ታቦር ዙሪያና በሌሎችም የዞኑ ወረዳዎች ያሉ አንዳንድ አጥቢያዎች ደናቸውን በድንጋይ ካብ ማጠር ጀመሩ። የሚከበር ቦታ ለምን አጥር አስፈለገው? አጥሩስ የጽሑፍ ሕግ ያልቻለውን እንዴት ቻለ? በገጠር አጥር ዙሪያ ካየኋቸው ጉዳዮች ሁሉ ይህን ያህል የሚያስተምር አላገኘሁም። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

መጀመሪያ የሚታጠረውን ነገር እንወቀው። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናትን ደን አጥንቶ በ2007 እ.ኤ.አ. ኔዘርላንድስ ከሚገኘው የቫኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬቱን አግኝቷል። በጥናቱ 28 አብያተ ክርስቲያናትን አየ። ከ1.6 ሄክታር እስከ 100 ሄክታር የሚሰፉ ደኖች ነበሩ። በእነዚህ ውስጥ ብቻ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዘገበ። ውጭ ያለው እርሻ ላይ ከነዚህ አብዛኞቹን ፈልገህ አታገኝም። ጥቁር እንጨት፣ ኮሶ፣ ሎል፣ ዶቅማ የሚባሉት ዛፎች በዚያ አካባቢ ዘር የሚሰጡበት ቦታ ቢኖር በዋናነት ይኸው አጸድ ነው።

ካህናቱ ግን ደኑን የጠበቁት ለዛፍ ዓይነት ብለው አልነበረም። ደኑ የቤተ ክርስቲያኑ ክብር ነው። ዛፍ የሌለው ደብር ልብስ እንዳልለበሰ ሰው ነው ይላሉ። የቅድስናው ክልል ከቤተ መቅደሱ አርባ ክንድ ድረስ ይዘልቃል የሚል የቆየ ትውፊትም አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው ደን እንደየደብሩ ይሰፋል ወይም ይጠባል። በጥላው ሥር ሰንበቴ ይበላል፣ የቆሎ ተማሪ ጎጆውን ቀልሶ ይማራል፣ ሙታን ይቀበራሉ። ይህን ልብ በሉልኝ። ደኑ የብዙ ሰው ነው። የብዙ ሰው የሆነ ነገር ሲታጠር ጉዳዩ የአንድ አባወራን ጓሮ እንደማጠር አይቀልም።

ደኑ እንዲህ ብቻውን የቀረው ደረጃ በደረጃ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቀድሞ የሰሞን መሬት፣ ማለትም ለካህናቱ መተዳደሪያ የሚሆን እርሻ ነበራት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን እርሻዋ ለገበሬዎች ተከፋፈለ። ለደብሩ በእጁ የቀረው ቤተ መቅደሱና አጸዱ ነው። የሕዝብ ቁጥር ጨመረ። በደኖቹ መካከል የነበረው ቁጥቋጦና የግጦሽ ዳር እየተመነጠረ ታረሰ። ጣሊያኖች በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከአየር ያነሷቸውን ፎቶዎች ከዘመኑ የሳተላይት ምስል ጋር ያመሳከሩ ተመራማሪዎች አንድ የሚገርም ነገር አግኝተዋል። የአብዛኞቹ አጸዶች ስፋት ብዙ አልቀነሰም። እንዲያውም ባሕር ዛፍ ተተክሎባቸው የሰፉ አሉ። የጠፋው በመካከላቸው የነበረው ቁጥቋጦ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ስፋቱ ካልቀነሰ ታዲያ ምን ሆነ ይላል። መልሱ ያለው ከላይ በሚታየው አረንጓዴ ላይ አይደለም። ዝቅ ብሎ መሬቱን ማየት ያስፈልጋል።

አጥር በሌለው አጸድ ውስጥ አንድ ትልቅ ወይራ ሥር ቁጭ ብላችሁ መሬቱን ተመልከቱ። የተጠረገ ይመስላል። አፈሩ በኮቴ ብዛት ተረግጦ ጠንክሯል። የከብት እበት አለ። ወይራው በያመቱ ፍሬ ያረግፋል፤ ወፍ ይበትነዋል። ክረምት ሲገባ አንዳንዱ ይበቅላል። ጣት የምታክል፣ ሁለት ሦስት ቅጠል ያላት ቡቃያ ትወጣለች። በጋው አጋማሽ ላይ መኖ ሲጠፋ የቀረ አረንጓዴ ነገር ያለው እዚያ ጥላ ሥር ነው። ከብቱ ይገባና ቡቃያዋን ከነአፈሩ ይነጫል። ያልበላውን ይረግጠዋል። በሚቀጥለው ዓመትም ያው ነው። አርባና ሃምሳ ዓመት እንዲህ ከሄደ ደኑ ሽማግሌ ብቻ ያለበት መንደር ይሆናል። ትልልቆቹ በዕድሜና በነፋስ ሲወድቁ የሚተካቸው ልጅ የለም።

ዶክተር ዓለማየሁና ባልደረቦቹ ይህን በሙከራ አረጋግጠውታል። በደኑ ውስጥ የተወሰነ ቦታ አጠሩ፤ ሌላውን እንዳለ ተዉት። ዘር ዘሩ፣ ችግኝ ተከሉ፣ ቆጠሩ። ከብት በማይገባበት ቦታ ዘሩ በተሻለ በቀለ፤ ችግኙም አደገ። ከብት በሚገባበት ቦታ አብዛኛው አለቀ። ውጤቱ በ2009 እ.ኤ.አ. ታተመ። የደኑ ዋና ችግር መጥረቢያ ብቻ ነው ብሎ ለሚያስብ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ማንም ዛፍ ሳይቆርጥ፣ ማንም ሳይበድል፣ ደን በላም ጥርስ ሊያልቅ ይችላል።

አሁን ወደ አጥር ሕጉ እንምጣ። በመሠረቱ ክርክሩ ያለው እዚህ ነው።

በሰሜኑ ደጋ ገጠር ማንም ያልጻፈው፣ ሁሉም የሚያውቀው የአጥር ሕግ አለ። የሚሠራው በወቅት ነው። ሰኔ ላይ እህል ከተዘራ ጀምሮ እስከሚታጨድ ድረስ ኃላፊነቱ የከብት ባለቤት ነው። ማሳው አጥር የለውም፤ አያስፈልገውምም። እረኛ ይጠብቃል። ከብቱ ባቄላ ውስጥ ከተገኘ ሽማግሌ ሄዶ ጉዳቱን ይገምታል፤ ባለ ከብቱ ካሳ ይከፍላል። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ሲገባ ግን ሁሉ ነገር ይገለበጣል። የታጨደው ማሳ ለሰፈሩ ከብት ሁሉ ክፍት ይሆናል። የእኔ ላም ያንተ ማሳ ላይ ብትገኝ ማንም አይናገራትም። ያን ጊዜ እንዳይነካበት የሚፈልገው ነገር ያለው ሰው ራሱ ያጥራል። ጓሮው፣ ጌሾው፣ ቡናው፣ የድርቆሽ ክምሩ በእሾህ፣ በአጋም፣ በሰንሰል፣ በቁልቋል የሚታጠረው ለዚህ ነው።

ይህ ሕግ ብልህ ሕግ ነው። በጋውን ሙሉ አጥር ከመጠበቅ ገበሬውን ያድናል። ከብቱም መኖ ያገኛል፤ ማሳውም እበት ያገኛል። ግን አንድ ቀዳዳ አለው። የተሠራው ለእህል ነው። እህል አዝመራ አለው። ይዘራል፣ ይታጨዳል፣ ያልቃል። ደን አዝመራ የለውም። ወይራ ከብት የማይደርስበት ቁመት ላይ ለመድረስ ብዙ በጋዎችን ማለፍ አለበት። ማሳው ክፍት በሆነበት ወራት ሁሉ እሱ ተጋልጦ ይቆያል። በዚህ የወቅት ሕግ መሠረት ደኑ ለአንድም ክረምት ተዘግቶ አያውቅም፤ የሚታጨድ ነገር ስለሌለበት ገማችም ካሳም የለም። ላም አጸድ ውስጥ ገብታ ብትውል ካህኑ እረኛውን ይቆጣ ይሆናል እንጂ ስንት ችግኝ በላች ብሎ የሚቆጥር የለም።

የጽሑፍ ሕጉስ? እሱም ቢሆን እዚህ ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይሳሳል። የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ዋና ትኩረቱ 10,000ና ከዚያ በላይ ነዋሪ ባላቸው ከተሞች ላይ ነበር። ከተማ ውስጥ ግንብ አጥር ልሥራ ብትል ከክፍለ ከተማው ወይም ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር መነጋገርህ አይቀርም። ገጠር ውስጥ ካብ ለመካብ ግን ፕላን አምጣ የሚልህ የለም። ጥያቄው ስለ ግንባታው ሳይሆን ስለ መሬቱ ነው፤ ካቡ ያረፈው በማን ይዞታ ላይ ነው? ከዚያ በኋላ ያለው የገጠር መሬት ሕግ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456 የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ በተሠራበት ቦታ ልቅ ግጦሽ ቀርቶ መኖ እያጨዱ ማብላት ደረጃ በደረጃ እንዲለመድ ይል ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን እርከን ለተሠራበት ተዳፋት የታሰበ እንጂ ለአጸድ አልነበረም። እረኛውን የሚያስቆመው ሰውም በአዋጁ ውስጥ የለም።

ድንበር ገፊን በተመለከተ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አለ። ይዞታው የተነካበት ሰው በአንቀጽ 1149 መሠረት በተለምዶ «ሁከት ይወገድልኝ» የምንለውን ክስ ያቀርባል። ክሱ ግን ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። እስቲ ይህን ከአጸድ ጠርዝ ጋር አያይዙት። ድንበር የሚገፋው በአንድ ሌሊት አይደለም። ዘንድሮ አንድ ፈር፣ ለከርሞ ሌላ ፈር ነው። በሬ ሲዞር ትንሽ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የዛፉ ሥር ይቆረጣል፤ ዛፉ ከጊዜ በኋላ ይደርቃል፤ የደረቀው ለማገዶ ይነሳል። ይህን ሁሉ ለመክሰስ መጀመሪያ መቼ እንደተጀመረ ማሳየት አለብህ። ማን አየ? ማንስ ከጎረቤቱ፣ ከክርስትና አባቱ፣ ከማኅበርተኛው ጋር አንድ ፈር ለማስመለስ ወረዳ ፍርድ ቤት ይመላለሳል? የደብሩ አለቃም አያደርገውም። የሕጉ ጉድለት ነው ብዬ አላምንም፤ ሁለት ዓመቱ የራሱ ምክንያት አለው። ግን ቀስ ብሎ ለሚሄድ ጉዳት የተሠራ መሣሪያ አይደለም።

እንግዲህ ካቡ የመጣው በዚህ ክፍተት ውስጥ ነው።

ዶክተር ዓለማየሁ ማርጋሬት ላውማን ከምትባል አሜሪካዊት የደን ተመራማሪ ጋር ተዋወቀ። እሷ የዛፍ አናት ላይ ያለውን ሕይወት በማጥናት የታወቀች ናት። አብረው ካህናቱን ሰብስበው አነጋገሩ። ይዘው የሄዱት የሳተላይት ምስል ነበር። ካህናቱ የራሳቸውን ደብር ከላይ አዩት። የጎረቤታቸውንም አዩ። ዕድሜ ልኩን አጸዱ ውስጥ የኖረ ሰው ደኑን የሚያውቀው ከውስጥ ነው፤ ከውስጥ ሲታይ ደግሞ ጥላ ነው፣ ብዙ ነው። ከላይ ሲታይ ግን ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሆኖ አንድ ትንሽ ክብ ብቻ ነው የቀረው። ስብከት አላስፈለገም።

ምን ይደረግ ሲባል ካብ ይሠራ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከካህናቱ ነው። ይህን ነጥብ ላሰምርበት እፈልጋለሁ፤ የጉዳዩ ግማሽ እዚህ ላይ ነው። ከውጭ የመጣ ባለሙያ የሽቦ አጥር ይመክር ነበር። ሽቦ ይገዛል፣ ይዝጋል፣ ይሰረቃል፤ ተቆርጦ ለሌላ ሥራ ይውላል። እሾህ አጥር በየዓመቱ ይታደሳል፤ ለእሱም ቁጥቋጦ ይቆረጣል። ድንጋይ ግን ማሳው ውስጥ ሞልቷል። የዚያ አገር እርሻ ድንጋያማ ነው፤ ማረሻ በየርምጃው ይጋጫል፤ ገበሬው ድንጋዩን እየለቀመ ማሳ ዳር ሲከምር ነው የኖረው። ደኑን ለማጠር ድንጋይ ስጡ ማለት ማሳችሁን እናጽዳላችሁ ማለት ሆነ። ጥቅሙ ለሁለቱም ወገን ደረሰ። ገንዘብ ከውጭ የመጣው በተለይ ለበሩና ለሥራው ማገዣ ነው፤ ድንጋዩና ጉልበቱ ግን የአገሬው ነው።

ከድንጋዩ ይልቅ ከባዱ መስመሩ ነው። ካቡ የት ይረፍ? ሁለት ምርጫ አለ። አንዱ አሁን ካለው የዛፍ ጠርዝ ላይ መካብ ነው። ሌላው ጥቂት ወጣ ብሎ፣ ባዶ ቦታ ትቶ መካብ። የመጀመሪያው ያለውን ይጠብቃል፤ ደኑ ግን ከዚያ ወዲያ አንድ ክንድም አይራመድም። ሁለተኛው ደኑ ወደ ውጭ እንዲያድግ ቦታ ይሰጠዋል። ነገር ግን ያ ባዶ ቦታ ዛሬ የሆነ ሰው እርሻ ወይም የሰፈሩ ግጦሽ ነው። በአማራ ክልል ገበሬው የይዞታ ደብተር አለው። ደብተሩ ላይ የሰፈረውን ማሳ በቃል ትእዛዝ መውሰድ አይቻልም፤ መውሰድም የለበትም።

ስለዚህ መስመሩ የሚወሰነው በእግር ነው። አለቃው፣ የሰበካ ጉባኤው ሰዎች፣ የቀበሌው የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ፣ ከአጸዱ ጋር የሚዋሰኑት ገበሬዎች አንድ ላይ ይዞራሉ። ይኼ ያባቴ ድንበር ነበር ይባላል። ይኼ ዋንዛ ድሮ መሃል ነበር አሁን ዳር ሆነ ይባላል። ሽማግሌ ይመሰክራል። አንዱ ለደብሩ ብሎ ይተዋል፤ አንዱ አይተውም። ያልተወው ቦታ ላይ ካቡ ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ጎባጣ ካብ የሚያስተክዝ ነገር አይደለም። ሁሉም የተስማማበት ጎባጣ መስመር ግማሹ ሰው ካኮረፈበት ቀጥ ያለ መስመር ይሻላል፤ ያኮረፈ ሰው ካብ ለማፍረስ አንድ ሌሊት ይበቃዋል።

ከተካበ በኋላ ደግሞ ነገሩ ተለወጠ። ቀድሞ አንድ ፈር መግፋት የማንም ዓይን የማያየው ነገር ነበር። አሁን ድንበር ለመግፋት ድንጋይ ማንሳት ያስፈልጋል። ድንጋይ ማንሳት በጠራራ ፀሐይ የሚታይ ነገር ነው። የደብሩን ካብ ማፍረስ ደግሞ ነውርም ነው፤ ግዝትም ሊያስከትል ይችላል። በዚያ አገር ከቀበሌ ቅጣት ይልቅ የካህን ግዝት የሚከብደው ሰው ብዙ ነው። ካቡ አዲስ ሕግ አላመጣም። የነበረው አክብሮት የሚይዘው መስመር ሰጠው።

ስለ አካካቡ ጥቂት ልበል፤ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ የሚሠራ ካብ የራሱ ሙያ አለው። መጀመሪያ ለም አፈሩ ተነስቶ ጠንካራው መሬት ይገኛል። ትልልቁ ድንጋይ ከታች ይገባል። ግድግዳው ሁለት ፊት ነው፤ በመሃል ያለው በትንንሽ ድንጋይ ይጠቀጠቃል። በየመሃሉ ከአንዱ ፊት እስከ ሌላው የሚደርስ ረጅም ድንጋይ ገብቶ ሁለቱን ያስራል። ይህ ማሰሪያ ከሌለ ካቡ በሁለተኛው ክረምት ሆዱ ይነፋና ይዘረገፋል። ወደ ላይ ሲሄድ እየቀጠነ ይሄዳል። ቁመቱ በሬ የማይሻገረው፣ ፍየልም ቢሆን የምታመነታበት ከሆነ በቂ ነው። ሲሚንቶ አለመኖሩ የድህነት ምልክት ተደርጎ መታየት የለበትም። የክረምት ጎርፍ በድንጋዮቹ መካከል ያልፋል፤ ግንብ ቢሆን ኖሮ ውኃ አቁሮ ይናድ ነበር። እንሽላሊቱም ይገባል ይወጣል። ጉሬዛና ጦጣ ከላይ ያልፋሉ፤ ወፍ ዘር ይዞ ይመለሳል። መቅረት ያለበት ከብቱ ነው፤ የቀረውም እሱ ነው።

አሁን ስለ በሩ። አጥር ሲባል ሁሉም ሰው ስለ ግድግዳው ያስባል፤ አጥር የሚከሽፈው ግን በበሩ ነው። አጸድ በሰው ብዛት የሚታወቅ ቦታ ነው። ጠዋት ኪዳን ለማድረስ የሚመጣ አለ። ቀብር አለ፤ ተዝካር አለ፤ የንግሥ ዕለት አገር ሙሉ ይገባል። ከሩቅ የመጣ በበቅሎ ነው። የቆሎ ተማሪው ለምኖ ሲመለስ ይገባል። በሩን ጠባብና አንድ ብቻ ካደረግኸው ሰው በሌላ በኩል ካቡን እየተንጠላጠለ መንገድ ያወጣል፤ ሰው የተሻገረበት ቦታ ላይ ድንጋይ ይወድቃል፤ ድንጋይ በወደቀበት ጥጃ ይገባል። በሩን ሰፊ አድርገህ ያለ መዝጊያ ከተውከው ደግሞ ካቡን በከንቱ ሠራኸው። ስለዚህ በር የሚወጣው የቆየው የእግር መንገድ ባለበት ነው፤ የሚዘጋ መዝጊያ ይኖረዋል፤ የሚዘጋው ሰው ደግሞ በስሙ ይታወቃል።

የውኃ መንገድም አለ። ከብት በአጸዱ ውስጥ የሚያልፈው ለሣር ብቻ ላይሆን ይችላል። ወደ ምንጭ ወይም ወደ ወንዝ የሚወስደው አቋራጭ በደኑ መካከል ከሆነ እሱን መዝጋት የመንደሩን ሴቶችና እረኞች ተጨማሪ መንገድ ማስኬድ ነው። ካብ ከመጀመሩ በፊት ሌላ የከብት መንገድ በስምምነት ካልወጣ፣ የቱንም ያህል መንፈሳዊ ቢሆን ያ ካብ ይፈርሳል። እኔ ብሆን ከመስመሩ በፊት የምጠይቀው የመጀመሪያ ጥያቄ ከብቶቻችሁ የት ነው የሚጠጡት የሚል ነው።

ውጤቱ ምን ሆነ? በታጠሩት አጸዶች ውስጥ መሬቱ ለመለመ። ቡቃያው ክረምትን አልፎ በጋውን ተሻገረ። ከጠርዙ እስከ ካቡ ባለው ባዶ ቦታ ላይ ቁጥቋጦ ቀድሞ ያዘ፤ ከሥሩ ደግሞ የዛፍ ችግኝ ወጣ። ለዚህ ችግኝ መትከል እንኳ ሁልጊዜ አያስፈልግም። ዘሩ እዚያው አለ፤ እናት ዛፉ እዚያው ቆማለች፤ የጎደለው ሰላም ብቻ ነበር። በዓመት በዓመቱ ችግኝ ተክለን ከብት ለምናበላ አገር ሰዎች ይህ ትልቅ ትምህርት ይመስለኛል።

ካብ ግን ሁሉን አይችልም። ከብትን ያቆማል፤ ሰውን አያቆምም። በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ በ44 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ የተደረገ ጥናት ጉዳቱን ሲዘረዝር የእግር መንገድ፣ የተመነጠረ ቦታ፣ መቃብር፣ ሕንጻና የተተከለ ባሕር ዛፍ ይጠቅሳል። እነዚህ በበዙበት ደን ውስጥ የዛፍ ዓይነቱም ችግኙም አነሰ። አሁን አሁን የድሮውን የሣር ክዳን ደብር አፍርሶ በትልቅ ሕንጻ መተካት ተለምዷል። ሕንጻው ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታው ከአጸዱ ይወሰዳል። መቃብሩም በሲሚንቶ እየተሠራ በላዩ ምንም አይበቅልም። ባሕር ዛፉ ደግሞ ለደብሩ ገቢ ነው፤ ለካህኑ ደመወዝ ይሆናል፤ ይነቀል ማለት ቀላል አይደለም። ለዚህ ሁሉ ካቡ መልስ የለውም። ባሕር ዛፉን ከካቡ ውጭ፣ አገር በቀሉን ከካቡ ውስጥ ማድረግ ግን ይቻላል። ካቡ ለሰበካ ጉባኤው ውይይት መነሻ ይሆናል፤ ውስጥ ያለው ምን ይሁን፣ ውጭ ያለው ምን ይሁን ብሎ ለመነጋገር መስመር ያስፈልጋል።

ከደኑም የተገፋችው ላም የት ትሂድ የሚለው ጥያቄ አለ። አጸዱ በበጋ የከብት መጠለያ ነበር። ሲዘጋ ጫናው ወደ ሌላ የጋራ ግጦሽ ይዞራል። በተለይ የራሷ መሬት የሌላት፣ አንድ ላም ብቻ ያላት ባልቴት ትጎዳለች። መፍትሔው ካቡን ማፍረስ አይደለም። በካቡ ውስጥ ያለው ሣር በክረምት መጨረሻ ታጭዶ እንዲወጣ መፍቀድ ነው። ማጭድ ቡቃያ ለይቶ ያልፋል፤ አፍ አይለይም። ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ ሰበካ ጉባኤው ያውቃል፤ ችግረኛውን በስሙ የሚያውቅ ጉባኤ ነው።

አንድ ሌላ ጉዳይ ላንሳ፤ ለመኮረጅ ለሚፈልግ አጥቢያ ይጠቅማል። ድንጋይ ከማሳ ሲነሳ ሁሉንም ጠራርጎ ማንሳት ስህተት ነው። በትግራይ ተዳፋቶች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት መሬት ላይ የተበተነው ትንሽ ድንጋይ የዝናቡን ጠብታ ይመክታል፤ የጎርፉን ፍጥነት ይቀንሳል፤ እርጥበት ይይዛል። ሁሉንም ያነሳህለት ተዳፋት ማሳ አፈሩን ለጎርፍ ይሰጣል። ለካብ የሚያስፈልገው ማረሻ የሚሰብረው ትልቁ ነው። መሙያ የሚሆነው ጠጠር ቀድሞ ማሳ ዳር ከተከመረው ይወሰድ። የቀረው እዚያው ይቆይ።

ድንጋይ የሌለበት አገርስ? የጣና ዳር ሜዳ ላይ ድንጋይ ፍለጋ መሄድ ከንቱ ነው። እዚያ ሕያው አጥር አለ። ሰንሰል ከብት አይወደውም፤ ቆርጠህ ብትተክለው ይይዛል። ቀጋና አጋም እሾህ አላቸው። ቁልቋል ከጥንት የቆየ አጥር ነው። ሁለት ሦስቱ ተቀላቅለው ቢተከሉ በጥቂት ዓመት ጥጃ የማያልፈው አጥር ይሆናሉ። ችግሩ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክረምቶች ናቸው፤ ሕያው አጥር ራሱ እስኪያድግ ድረስ አጥር ይፈልጋል። ለዚያ ጊዜ የተራ ጥበቃ ወይም ጊዜያዊ የእሾህ አጥር መመደብ አለበት። ይህን ያላሰበ ሰው አጥሩን ለከብት ተክሎ ይቀራል።

በመጨረሻም ጥገናው። ካብ ዘላለማዊ ነው የሚባለው የሚጠግነው ሰው ካለ ነው። ክረምቱ ሲወጣ የተዘረገፈ ቦታ አይጠፋም። የንግሥ ቀን ብዙ ሰው ያልፋል፤ ድንጋይ ይወድቃል። ለጥገና የተሻለው ጊዜ ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ማሳው ለከብት ከመከፈቱ በፊት ነው። እህሉ ገና ማሳ ላይ ሳለ፣ እረኛው ከብቱን አጥብቆ በያዘበት ወቅት ካቡ መሟላት አለበት፤ አዝመራው ገብቶ ከብቱ ሲለቀቅ ቀዳዳው ክፍት ከሆነ የዓመቱ ቡቃያ በሳምንት ያልቃል። ሥራው ለማኅበራት ቢከፋፈል፣ የማርያም ማኅበርተኞች ከምሥራቁ በር እስከ ዋርካው፣ የጊዮርጊሶቹ ከዋርካው እስከ ወንዙ ቢይዙ፣ የፈረሰው የማን ድርሻ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። በደቦ ከሆነ ደግሞ ጠላው የሚጠመቀው አስቀድሞ ነው፤ ቀኑ ከመስቀል በፊት በሰበካ ጉባኤው ተቆርጦ በዐውደ ምሕረቱ ላይ መነገር አለበት።